ባለ እንስራዋ የረግረግ አበባ፦ ከዓመት በኋላ የምሰጠው አስተያየት

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለው በረንዳዬ ነፍሳት የምትበላ የረግረግ አበባ ስገዛ ይህ ሁለተኛ ጊዜዬ ነው። የመጀመሪያዋን የገዛኋት ከአንድ ትልቅ መደብር ነበር፤ በላስቲክ ክዳን ተሸፍና፣ «ቤት ውስጥ አስቀምጧት፣ አፈሯ እንዳይደርቅ ውኃ አጠጧት» የሚል ወረቀት ተለጥፎባት። የተባለውን ሁሉ አደረግሁ። በሦስተኛው ወር ከጫፏ እየጠቆረች ሞተች። የቧንቧ ውኃ እንደሚጎዳት፣ ሙሉ ፀሐይና የክረምት ብርድ እንደሚያስፈልጋት በወረቀቱ ላይ አንድም ቃል አልነበረም። ሕይወት ያለው ነገር ሲሸጥ እንዲህ መሆን የለበትም።

የአሁኗን ሥጋ በል ዕፅዋትን ብቻ ከሚያራባ አነስተኛ የችግኝ ጣቢያ ባለፈው ዓመት ሚያዝያ መጨረሻ ላይ በፖስታ አስመጣሁ። ዋጋዋ 24 ዶላር፣ መላኪያው 15 ዶላር ነበር። መላኪያው በዝቷል፤ ይህን ለእነሱም ነግሬያቸዋለሁ። ካርቶኑን ስከፍት ግን አያያዛቸውን ወደድኩት። ሥሯ በእርጥብ ሽበት (ሞስ በሚባለው ለስላሳ ተክል) ተጠቅልሎ፣ ላዩ በጋዜጣ ታስሮ፣ ሳራሴኒያ ፑርፑሪያ የሚል ስሟና ከዘር የበቀለች የአራት ዓመት ተክል መሆኗ በእርሳስ ተጽፎ ነበር። «ከዘር» የምትለዋ ቃል ለእኔ ትልቅ ቦታ አላት። እነዚህን ተክሎች ከተፈጥሮ ቦታቸው እየነቀለ የሚሸጥ ሰው አለ፤ የሳራሴኒያ ዝርያዎች በሙሉ ለመጥፋት የሚያሰጉ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚገዛው ዓለም አቀፍ የሳይቴስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር የገቡትም ለዚህ ነው። ስለዚህ ከማንም ብትገዙ አስቀድማችሁ ከየት እንዳመጣት ጠይቁት።

ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። እንስራ የመሰሉት ቅጠሎቿ ናቸው። ከመሬት ጠጋ ብለው በክብ ይቀመጣሉ፤ ሆዳቸው ሰፊ፣ አፋቸው ወደ ሰማይ የተከፈተ፣ አረንጓዴው ላይ ቀይ የደም ሥር የመሰለ መስመር የተሳለባቸው ናቸው። የሌሎቹ ሳራሴኒያዎች ክዳን ዝናብ እንዳይገባ ይከልላል፤ የእሷ ግን ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ዝናቡ በቀጥታ ይሞላታል። ክዳኗን በጣቴ ዳሰስኩት፤ ጠጉሮቹ ሁሉ ወደ ታች የተኙ ናቸው። ወደ ታች ሲዳስሱት እንደ ሐር ይለሰልሳል፣ ወደ ላይ ሲመልሱት ይቆረቁራል። ጉንዳን የሚወርድበት መንገድ ነው፣ የሚመለስበት ግን አይደለም።

ለምን ነፍሳት ትበላለች? የትውልድ ቦታዋን ማወቅ ያስፈልጋል። ከካናዳ ጀምሮ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ወደ ደቡብ በሚወርዱ ረግረጎች ትበቅላለች። በእነዚህ ቦታዎች ስፋግነም የሚባለው እንደ ስፖንጅ ውኃ የሚይዝ ሽበት መሬቱን ይሸፍነዋል፤ ውኃውንም አሲዳማ ያደርገዋል። የሞተው ነገር ቶሎ አይበሰብስም፣ ስለዚህ ተክል ለማደግ የሚያስፈልገው ናይትሮጅን እጅግ ያንሳል። አፈሩ የነፈጋትን ከዝንብና ከጉንዳን ታገኛለች። ማዳበሪያ የምንሰጣት ሰዎች የምንገድላትም ስለዚህ ነው፤ ሥሯ ለድሃ መሬት የተሠራ ነው። በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ክራንቤሪ ግሌድስ የሚባለውን ረግረግ በእንጨት መተላለፊያው ላይ ሆኜ ሳይ ነው ይህ በደንብ የገባኝ። ከእግሬ ሥር ያለው ሁሉ ውኃ ነው፣ ዛፍ የለም፣ ፀሐዩ ያለ ከልካይ ይወርዳል። የበረንዳዬን ጥግ የመረጥኩት ያን አይቼ ነው።

ችግኝ ጣቢያው የላከው መመሪያ አንድ ገጽ ቢሆንም ቁም ነገሩን ይዟል፤ ማዳበሪያ የሌለው ፒት (ከረግረግ የሚወጣ የተክል ብስባሽ) እና ፐርላይት (ቀላል ነጭ ጠጠር)፣ ከሥሯ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ውኃ የያዘ ሳህን፣ የዝናብ ወይም በእንፋሎት የተጣራ ውኃ፣ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ። እኔ ዝናብ በባልዲ አጠራቅማለሁ። የጎደለው የክረምቱ ምክር ነው። «ውጭ ትክረም» ይላል እንጂ በረንዳ ላይ በማሰሮ ያለች ተክል ሥሯ ከመሬት ይልቅ ቶሎ እንደሚቀዘቅዝ አይናገርም። እኔ ማሰሮዋን ካርቶን ውስጥ አስገብቼ ዙሪያውን በደረቅ ቅጠል ሞላሁት። ሦስት አራት ወር ማደጓን አቁማ ተኛች።

የደንበኛ አያያዛቸውን የፈተነችው እናቴ ናት። ባለፈው ሐምሌ ልትጠይቀኝ ከፎገራ መጣች። ጠዋት ከሥራ በፊት በረንዳው ላይ ቆማ እንስሮቹን አንድ በአንድ ስትደፋ ደረስኩባት።

«ምነው ልጄ፣ የረጋ ውኃ በቤትሽ ታስቀምጫለሽ? ወባ ልትጠሪ ነው?»

«እማዬ፣ ምግቧ እኮ ነው የደፋሽው!»

«የምን ምግብ? የሞተ ዝንብ ነው!»

ወባ ስንቱን እንደወሰደ የምታውቅ ሴት ናትና አልፈረድኩባትም። ወዲያው ለችግኝ ጣቢያው ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት ሰው ሳይቸኩሉ አስረዱኝ። እያንዳንዱን እንስራ በንጹሕ ውኃ እስከ ግማሽ ሙይው፣ ምንም አትሆንም አሉኝ። አክለውም በተፈጥሮ ቦታዋ ዋዮሚያ ስሚታይ የምትባል ትንኝ እጮቿን በዚህች ተክል ውኃ ውስጥ ብቻ እንደምታሳድግ፣ በሰሜን ያሉት ደም እንደማይመጡ፣ እጮቹና ባክቴሪያዎቹም የወደቀውን ነፍሳት በመሰባበር እንደሚያግዟት ነገሩኝ። ለእማዬ ተረጎምኩላት። ከዚያ ቀን በኋላ በየጠዋቱ የስልኬን መብራት ይዛ ወደ እንስሮቹ ታይ ነበር። አንድ ቀን ትልቅ ዝንብ ስትገባ አይታ ጠራችኝ፤ ዝንቧ እስክትሰጥም ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ቆየን።

በዚህ ዓመት ግንቦት አበበች። ክብ ቀይ እምቡጥ በአንድ ዘንግ ላይ ብቻውን ወደ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ከፍ አለና አንገቱን ደፋ። አበባው ወደ መሬት ይመለከታል፤ አምስት ጥቁር ቀይ ቅጠሎች ተንጠልጥለው፣ መሐሉ ላይ የተገለበጠ ጃንጥላ ይታያል። ንብ ዱቄቱን የምታገኘው ጃንጥላው ውስጥ ገብታ ነው፤ ስትገባ በጫፎቹ ላይ ያሉትን የዘር መቀበያዎች ትነካለች፣ ስትወጣ ደግሞ በሌላ በኩል ነው። ከእንስሮቹ ያን ያህል ርቆ መቆሙም ያገለገለችው ንብ ቶሎ ወጥመድ እንዳትገባ ሊረዳት ይችላል። ፎቶውን ለእማዬ ላክሁላት፤ «በረዶው አልገደላትም እንዴ?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣለሁ። አንዱን ያስቀነሰኝ የክረምቱ ምክርና የመላኪያው ዋጋ ነው። ማዘዝ የምትፈልጉ በመጋቢት፣ ገና ከእንቅልፏ ሳትነቃ ብታስመጧት ይሻላል፤ የእኔ ዘግይታ ስለመጣች ሁለት እንስሮቿ መንገድ ላይ ታጥፈው ነበር። ለመጪው መጋቢት ሌላ አንዲት አዝዣለሁ፤ እማዬ ስትመለስ የራሷ ትኑራት።