ጃኑቪያ 100፦ ከስምንት ወር በኋላ የምለው

ጃኑቪያ የስኳር በሽታ መድኃኒት ነው። ክኒኑ ክብ ነው። ቀለሙ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል፤ አንድ ጎኑ ላይ 277 የሚል ቁጥር አለው። በቀን አንዴ ነው የምውጠው። ሆድ ባዶ ይሁን ጥጋብ ለውጥ የለውም። ለኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በፊት የምወስደው ግሊቤንክላሚድ የሚባል ሌላ የስኳር መድኃኒት ነበር። አምና በፍልሰታ ቅዳሴ ቆሜ እያለሁ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ነጠላዬ በላብ ራሰ። አጠገቤ የነበሩ እናት ደግፈው አስቀመጡኝ፤ ልጅ ልከው ስኳር በውሃ በጥብጠው አጠጡኝ። ቤት ገብቼ ስኳሬን ስለካው ገና 61 ነበር፤ ዝቅ ያለ ነው። ያ መድኃኒት በላችሁም አልበላችሁም ቆሽትን ኢንሱሊን አውጪ እያለ ይጎተጉታል። ሐኪሜ የቀየረልኝ ያን ጊዜ ነው።

31 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። አሠራሩን ሳላውቅ መድኃኒት መዋጥ አይሆንልኝም። ስንበላ አንጀታችን ጂኤልፒ-1 የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ስኳር እየመጣ መሆኑን ለቆሽት የሚነግረው እሱ ነው። ግን ብዙ አይቆይም፤ በሁለት ደቂቃ ገደማ ግማሹ ከሥራ ውጭ ይሆናል። የሚቆርጠው ዲፒፒ-4 የተባለ ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን በሴሎቻችን ሽፋን ላይ ተተክሎ ይኖራል፤ ኩላሊት ላይ፣ አንጀት ላይ፣ የደም ሥር ግድግዳ ላይ። ሆርሞኑን በጫፉ ይይዝና ከ30ው አሚኖ አሲድ ሁለቱን ብቻ ቆርጦ ይጥላል። ሁለት ብቻ! የተረፈው ቆሽትን ማናገር አይችልም። ተማሪዎቼን ስለ ኢንዛይም ሳስተምር ይህን ምሳሌ ባውቀው ኖሮ እላለሁ።

ጃኑቪያ የሚያደርገው የዚህን መቀስ አፍ መያዝ ነው። አንዱ ባለ 100 ሚሊግራም ክኒን 80 በመቶውንና ከዚያ በላይ ለ24 ሰዓት ይይዘዋል። ሆርሞኑም ሁለት ሦስት እጥፍ ይሆናል። ሆርሞኑ ቆሽትን የሚቀሰቅሰው ስኳር ሲጨምር ስለሆነ፣ ክኒኑ ለብቻው ወይም ሜትፎርሚን ከሚባለው ከተለመደው የስኳር መድኃኒት ጋር ሲወሰድ ስኳርን እንደ በፊቱ አያዘቅጥም።

ውጤቱ? የሦስት ወሩ የስኳር አማካይ (HbA1c የሚባለው ምርመራ) ከ8.1 በመቶ ወደ 7.4 ወረደ። አብሬ የምወስደውን ሜትፎርሚን አላቆምኩም። ኪሎዬ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። በጣም ለናረ ስኳር ብቻውን የሚበቃ መድኃኒት አይደለም፤ ይህን አውቃችሁ ጀምሩ።

ዋጋው ኪስ ይጎዳል። ከሜትፎርሚን ጋር ጭራሽ አይወዳደርም። አንድ ፋርማሲ ደግሞ «ያው ነው» ብሎ ባለ 50 ሊሰጠኝ ነበር። ፈዘዝ ያለ ቀለሙንና 112 የሚለውን ቁጥር አይቼ መለስኩት። ባለ 50ው ኩላሊታቸው ለደከመ ሰዎች ነው፣ ባለ 25ው ደግሞ ይበልጥ ለደከመ። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ኩላሊታችሁን አስመርመሩ። እኔን መጀመሪያ ያየኝ ክሊኒክ ይህን ሳይጠይቅ ነበር የጻፈልኝ፤ ዛሬም ያናድደኛል። ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ከባድ የሆድ ሕመም ከተሰማችሁ ቆሽት ተቆጥቶ ሊሆን ይችላልና ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጋ ሂዱ። መገጣጠሚያ ላይ የሚበረታ ሕመምም እንዲሁ ይነገር።

ዘንድሮ ሁዳዴን ሐኪሜን አማክሬ ጾምኩ። በመጀመሪያው እሑድ ቅዳሴ እስኪያልቅ ቆሜ ቆየሁ። ቤት ገብቼ ገበታ ከመቅረቤ በፊት ጣቴን ወግቼ ለካሁ፤ 104።