ለጥር ሠርግ አዲስ አበባ ፎቶ አንሺ የምትቀጥሩ፦ ከአልበሙ በፊት ሰዓቱን ተነጋገሩ

ለጥር ሠርግ አዲስ አበባ ላይ የቀጠርነው ስቱዲዮ በመሣሪያ አይታማም። ሁለት ካሜራ፣ 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በባትሪ የሚሠራ ባለ 600 ዋት-ሰከንድ ፍላሽ፣ 120 ሳንቲ ሜትር ሶፍትቦክስ (የፍላሹን ብርሃን የሚያለሰልስ የጨርቅ ሳጥን)፣ ሥራቸውን የሚያውቁ ረዳቶችም አሉት። ጉድለቱ ፕሮግራሙ ላይ ነው። የመናፈሻው ፎቶ ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት ተይዞ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ አዳራሽ ይኬዳል። ለመኪና አጀብና ለድግሱ ይመች ይሆናል፤ ለፊት ግን ከቀኑ ሁሉ የከፋው ብርሃን ያኔ ነው።

ከውጭ የሚመጣ ሰው ይህን ላያስተውል ይችላል። ዋሽንግተን ላይ በጥር አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ 30 ዲግሪ ገደማ ነው የምትወጣው። አዲስ አበባ ላይ 60 ዲግሪ ታልፋለች፤ ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያ መጨረሻማ አናት ላይ ናት ማለት ይቻላል። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለችና የጥር ሰማይ ጥርት ያለ ስለሆነ ጥላው ይከርራል፦ ዓይን ጠቁሮ ይጎደጉዳል፣ የአፍንጫ ጥላ ከንፈር ላይ ያርፋል፣ ግንባር ያብለጨልጫል። ሣር ላይ ከተቆመ ደግሞ አረንጓዴው ነጸብራቅ ከአገጭ ሥርና ከነጩ ቀሚስ ላይ ይለጠፋል።

ስቱዲዮው መፍትሔ ብሎ ሙሽሮቹን ባሕር ዛፍ ሥር አቆማቸው። ያ ደግሞ የባሰ ነው፤ በቅጠሉ መሀል የሚያልፈው ፀሐይ ፊት ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይረጫል፣ ኤዲቲንግም አያድነውም። የሚሻለው የሕንፃ ጥላ ነው፦ ከጥላው ጠርዝ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ፊትን ወደ ገላጣው ሰማይ አዙሮ መቆም። ጥላ ከጠፋ ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ ካሜራውን 1/200 ሰከንድ (ፍጥነት)፣ አይኤስኦ 100 (ለብርሃን ያለው ስሜት)፣ ኤፍ 11 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ላይ አድርጎ፣ ሶፍትቦክሱን ከዓይን ትንሽ ከፍ፣ በ45 ዲግሪ ጎን፣ ከ1.5 ሜትር ሳይርቅ ማስጠጋት ነው። ካሜራ ላይ የሚሰካው ትንሹ ፍላሽ ይህን ፀሐይ አይችልም። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ከ11 ሰዓት ከሩብ እስከ 12 ሰዓት ከሩብ ያለው ጊዜ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ቶሎ ስለሚጨልም፣ የግማሽ ሰዓት መዘግየት ፕሮግራሙን ግማሽ ያደርገዋል።

ነጩ የሀበሻ ቀሚስ የፎቶውን ፍሬም ሲሞላ ካሜራው ብርሃን የበዛ መስሎት ይቀንሳል፣ ፊት ይጠቁራል። የተሰጠን ፎቶ ላይ ፊቱ በኋላ በኮምፒውተር ተጎትቶ ስለበራ ጥላው አመዳም ሆኗል። የብርሃን ልኬቱ ከፊት ላይ መወሰድ ነበረበት። ሶፍትቦክሱንም ቀና አድርጎ መሀሉ ከራስ በላይ እንዲያልፍ ካደረጉት፣ ፊት ጠርዙን ያገኛል፣ ቀሚሱ ላይ ብርሃኑ እየደከመ ይወርዳል፤ ነጩም አይቃጠልም። ጥለቱ ከጎን በሚመጣ ብርሃን ክሩ ሳይቀር ይታያል፤ ከፊት ለፊት ከተመታ ግን የታተመ ይመስላል። ጥቁር ከፋይ ካባ ብርሃን ስለሚውጥ ከኋላ በጎን በኩል ሁለተኛ መብራት ካልተጨመረለት ከጨለማ ዳራ ጋር ይዋሃዳል፣ የወርቁ ጥልፍ ብቻ ተንሳፍፎ ይቀራል።

ሜካፕ የምትሠራው ልጅም በፍላሽ አንድ ሙከራ ፎቶ ታስነሳ። አንዳንድ ፓውደርና የፀሐይ መከላከያ ያለበት ፋውንዴሽን በመስታወት አምሮ፣ በፍላሽ ዱቄት የተነፋ ያስመስላል።

ፖዝ ላይ ስቱዲዮው ጎበዝ ነው። ረዳቱ በቃል ከመናገር ይልቅ ራሱ ቆሞ ያሳያል፦ ክብደት በኋላ እግር፣ የፊት ጉልበት ላላ፣ ትከሻ ከካሜራ ዞር፣ አገጭ ወደ ፊት ወጣ ብሎ ትንሽ ዝቅ። ነጠላ ክንድን ከወገብ ጋር ስለሚያጣብቅ አራት ጣት የሚያህል ክፍተት እንዲተዉ ያደርጋል፤ ወገብ የሚለየው በዚያ ነው። የማይወደደው ሙሽራው ከኋላ ሆኖ ሁለት እጁን ሆዷ ላይ የሚያነባብርበት ፖዝ ነው። ጣቶች ይጨማደዳሉ፣ የቀሚሱ ጥለትም ይሸፈናል።

የወላጅ ጉልበት ሲሳም ግን ፎቶ አንሺው ቆሞ አነሳ፤ የወጣው ጀርባና የጸጉር ጌጥ ነው። ከሚመርቁት አባት ጎን ተንበርክኮ፣ የሙሽሪት ፊት በሚታይበት በኩል መጠበቅ ነው የሚገባው። ድገሙት አይባልም።

አዳራሽ ውስጥ ካሜራ ይዞ ለሚመጣ ዘመድም የሚጠቅም ነገር አለ። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ (የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ በሰከንድ) ስለሆነ አሜሪካ የለመዱት የ1/60 ወይም የ1/125 ሰከንድ ፍጥነት አንዳንድ አምፖል ሥር ጥቁር መስመር ያወጣል፤ 1/50 ወይም 1/100 ይሻላል። ፍላሽ ወደ ጣሪያ የሚወረወረው ጣሪያው ነጭ ከሆነ ብቻ ነው። ቀለም ያለው ድንኳን ሥር የሁሉም ፊት የድንኳኑን ቀለም ይይዛል። ሚዜዎች በሁለት ረድፍ ሲቆሙ ኤፍ 8፣ ፍላሹም ቢያንስ 4 ሜትር ራቅ ይበል። ሁለት ሜትር ላይ ከቆመ ዳር ያለው ይነጣል፣ ማዶ ያለው ይጨልማል።

ውሉ ላይ የአልበም ገጽ ብዛትና መጠን በዝርዝር ይጻፋል፣ ስለ ኤዲቲንግ ግን አንድም ቃል የለም። «የቆዳ ቀለም አይነጣም» የሚል መስመር አስገቡ፤ ካልተባለ ሁሉንም ያነጡታል፣ ሙሽሪትም እጇና ፊቷ የተለያየ ሰው ይሆናል። ኦሪጅናሉን በሃርድ ዲስክ ተቀበሉ። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከው ስለሚጨመቅ ለስልክ እንጂ ለግድግዳ አይሆንም፤ የግድ በዚያ ከሆነ እንደ ፋይል ይላክላችሁ።