ባለ 165 ዋቱ ጥቁር ሳጥን፦ ኮራሎቼ የወደዱት መብራት

«ዓሣ ካማረህ አሞራ ገደል አለልህ» አለችኝ እናቴ፣ ሳሎን ውስጥ ባለ 60 ሳንቲ ሜትር የመስታወት ገንዳ ጨው ውሃ ስሞላ አይታ። እውነቷን ነው፣ የዓሣ ገበያውም ሐይቁም ደጃችን ነው። ግን የሀዋሳ ሐይቅ ኮራል አያበቅልም፤ እኔን የያዘኝ ደግሞ ኮራል ነው። የጨዉና የፓምፑ ጣጣ ለሌላ ቀን ይቆየን። ዛሬ ስለ መብራቱ ብቻ።

መጀመሪያ ከአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ባለ 50 ዋት ነጭ ፓውዛ ገዛሁ። ሻጩ «ወንድሜ፣ ይሄ ግቢ ሙሉ ያበራል» አለኝ። አልዋሸም፣ ያበራል። በሦስተኛው ሳምንት መስታወቱ አረንጓዴ ለበሰ። ኮራሎቹ ግን ቡኒ ሆነው አንገታቸውን አሰገጉ። ኮራል እንስሳ ነው፤ ሥጋው ውስጥ ግን በዓይን የማይታይ አልጌ ያስጠጋል። አልጌው በብርሃን ስኳር ይሠራና የቤት ኪራዩን በዚያው ይከፍላል። ባሕር ውስጥ ቀዩ ብርሃን ገና ከላይ ይዋጣል፣ ወደ ታች የሚዘልቀው ሰማያዊው ነው። የኔ ፓውዛ ደግሞ ለጓሮ እንጂ ለዚህ አልተሠራም።

ከዚያ ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ለምኜ ይሄን ጥቁር ሳጥን ኤልኢዲ አስመጣሁ። 100 ዶላር ገደማ ወጣበት። 165 ዋት ስሙ ነው፤ በመለኪያ ስሰካው 120 እንኳን አልሞላም። ብዙም አልከፋኝም። ዋት የሚነግራችሁ ስለ ቆጣሪው እንጂ ስለ ኮራሉ አይደለም። ለኮራል የሚታየው ፓር የሚባለው፣ አልጌው ሊጠቀምበት የሚችለው ብርሃን ነው። ለስላሳዎቹ ኮራሎች ከ50 እስከ 150 ይበቃቸዋል፤ እንደ አክሮፖራ ያሉት ድንጋያማ ኮራሎች 200 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። በስልክ የሉክስ መለኪያ እንዳትሸወዱ። ሉክስ የሰውን ዓይን ስለሚከተል ሰማያዊውን አሳንሶ ይቆጥረዋል።

ሳጥኑ ሁለት ማዞሪያ አለው፣ አንዱ ለሰማያዊ፣ አንዱ ለነጭ። በደስታ ሁለቱንም እስከ ጥግ ጠመዘዝኳቸው። በአራተኛው ቀን ትልቁ እንጉዳይ ኮራል እንደ ጠወለገ ቆስጣ ተጨማደደ፣ ጠርዙም ነጣ። ብርሃን ሲበዛበት አልጌውን ያባርራል፣ ቀለሙም አብሮ ይሄዳል። ደንግጬ ሳጥኑን ከውሃው 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። ሰማያዊውን 20 በመቶ፣ ነጩን 5 በመቶ ላይ አወረድኩ። ከዚያ ሰማያዊውን በየሳምንቱ 5 በመቶ ብቻ ጨመርኩ። አሁን 55 ላይ ነው፣ እንጉዳዩም የስኒ ማስቀመጫ አክሏል። የግቢው ልጆች ሳሎኔን «ናይት ክለብ» ይሉታል።

ሰዓት መቆጣጠሪያ አብሮት አይመጣም። ደግነቱ ሁለቱ ቀለሞች የየራሳቸው ገመድ አላቸው፤ ሁለት ታይመር ገዛሁ። ሰማያዊው ከረፋዱ 4 እስከ ማታ 1 ሰዓት፣ ነጩ ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት። እዚህ ላይ አንድ ምክር፦ የሚሽከረከረውን ርካሹን ታይመር አትግዙ። መብራት ሲሄድ እሱም ይቆማል፣ ሲመጣ ከቆመበት ይቀጥላል። አንድ ሳምንት መብራት ሲመላለስ ሰንብቶ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ስነሳ ሳሎኑ ሰማያዊ ሆኖ አገኘሁት። ባትሪ ያለውን ዲጂታል ግዙ።

ሌላው ቅሬታዬ ሌንሱ ነው። መሃሉን ያቃጥላል፣ ጥጉን ያጨልማል። ስለዚህ ብርሃን ወዳዶቹን መሃል፣ እንጉዳዮቹን ጥግ ጥግ አስቀምጫለሁ። ገንዳችሁ ከ60 ሳንቲ ሜትር ብዙ የሚረዝም ከሆነ አንድ ሳጥን አይበቃም፣ ሁለት አስቡ። ለስላሳ ኮራል ለሚጀምር ሰው ግን ደግሜ እገዛዋለሁ።

የሳጥኑ ማራገቢያ በስድስተኛው ወር መጮህ ጀመረ። ስፈታው የጨው ብናኝ ዝገት አስይዞታል። ከአሮጌ ኮምፒውተር አንድ ነቅዬ ገጠምኩለት፣ እስካሁን ይሠራል።