ኮምቦልቻ ያለ አንድ ሆቴል፦ ጥብሱ አሪፍ ነው፣ ግን ዋናው ወሬዬ ስለ አስተናጋጆቹ ነው

ሰላም ናችሁ ወሎዬዎች፣ ሰሞኑን ኢንቦክሴን ያጨናነቃችሁት ሁለት አይነት ሰዎች ናችሁ፣ አንዱ ቤተሰብ ይዘን ኮምቦልቻ የት እንብላ የሚል፣ ሌላዋ ደግሞ በአስተናጋጅነት የት ብቀጠር ሰላም አገኛለሁ የምትል። ለሁለታችሁም ባንዴ ልመልስ። ሆቴሉ ከደሴ ሐረጎን ወርዳችሁ ከተማ ስትገቡ ብዙም አይርቅም፣ ስሙን እዚህ አልጽፈውም ምክንያቱም የውስጡን ነገር ያጫወቱኝ ልጆች እስካሁን እዛው ነው የሚሰሩት፣ ከታች የማነሳቸው ጉድለቶችም አሉና እንጀራቸው ላይ አልገባም። ስሙን የፈለገ በውስጥ ይጠይቀኝ።

ምግቡን ቶሎ ብዬ ልለፈው። የበግ ጥብሱ አሪፍ ነው፣ እየጮኸ ነው የሚመጣው፣ ሽሮው ወፈር ያለ፣ እንጀራው የዕለቱ። ጁሱን ተዉት ውሃ ነው። ማኪያቶ ጠዋት ጠጡ፣ ከሰዓት ማሽኑ ይሁን ባሬስታው አላውቅም ይደክመዋል። ዋጋው ደሴ ፒያሳ ካሉት ትንሽ ወደድ ይላል ግን ሽንት ቤቱ ንጹህ ነው ውሃም አለው፣ የዚህን ዋጋ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እኔ ራሴ ደሴ ውስጥ አስተናጋጅ ሆኜ ሰርቻለሁ፣ የት እንደሆነ ይቅር። አንድ ደንበኛ ሂሳብ ባመጣሁ ቁጥር ወገቤን ይዞ አለቅም ሲለኝ ለማናጀሩ ነገርኩት፣ መልሱ "ደንበኛ ንጉስ ነው፣ ፈገግ ብለሽ እለፊው" ነበር። ንጉስ ከሆነማ የንጉስ ሚካኤል ግብር ቤት የነበረው አይጠየፍ አዳራሽ ሄዶ ግብር ይብላ እኛ ጋ ምን ይሰራል ልለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፣ ግን ደሞዝ ሊወጣ ሰሞን ስለነበር ዋጥ አደረኩት።

ሰው ሁሌ "ለምን ዝም አለች" ይላል አይደል፣ እስቲ ሂሳቡን አብረን እንስራው። አገራችን ለግል ድርጅት ሰራተኛ በህግ የተቀመጠ ዝቅተኛ ደሞዝ የላትም፣ ስለዚህ አስተናጋጅ የምትቀጠርበት ደሞዝ ብዙ ቦታ የቤት ኪራይ እንኳ አይችልም፣ የቀረውን ከቲፕ ትሞላዋለች ተብሎ ነው የሚታሰበው። ቲፑ ደግሞ ማን ኪስ ውስጥ ነው ያለው፣ ያው እጁን የሚልከው ሰውዬ ኪስ ውስጥ። ተቆጥታው ዞር ካለች የዛን ቀን የባጃጅ እንኳ ላይኖራት ይችላል። ስለ ድፍረትና ስለ ፍርሃት ከማውራታችን በፊት ይሄን ማወቅ አለብን።

የዚህ ሆቴል ጥሩ ነገር የጀመሩት እዛው ላይ መሆኑ ነው። ቲፕ ለብቻ አይያዝም፣ ሁሉም ወደ አንድ ሳጥን ይገባል፣ ሺፍት ሲያልቅ ካሸሯ ፊታቸው ቆጥራ ታካፍላቸዋለች። ሰነፏ ከጎበዟ እኩል ትወስዳለች ብለው የሚያጉረመርሙ አሉ፣ እውነታቸውን ነው፣ ግን አንዱን ሰውዬ ስላስቀየመች ራቷን የምታጣ ልጅ የለችም። ከዛ ቀጥሎ ደግሞ ጠረጴዛ መቀየር የሚሉት አለ። አንድ አስተናጋጅ ለሱፐርቫይዘሯ "ስድስት ቁጥርን ቀይሪልኝ" ካለች በቃ ይቀየርላታል፣ ለምን፣ ምን አለሽ፣ ምን አድርገሽው ነው የሚል ጥያቄ እዛው ሰው መሀል የለም፣ ጥያቄው ካለም በኋላ ነው።

ሲሰራ አይቼዋለሁ። ለስልጠና የመጡ የሚመስሉ፣ ባጅ አንገታቸው ላይ ያለ፣ አበል የደረሳቸው ሰዎች አጠገባችን ተቀምጠዋል፣ አንዱ ልጅቷን እጇን ይዞ "የወሎ ቆንጆ እኮ እንዲህ አትኮራም" ምናምን ይላል። (በነገራችን ላይ ይሄ የወሎ ቆንጆ የሚሉት ነገር ስልችት ብሎኛል፣ በዘፈን ሲሆን ደስ ይላል፣ ሰውዬው ሶስተኛ ቢራው ላይ ሆኖ ሲያመጣው ግን ወሎዬ ስለሆንሽ ፈቃድሽን አልጠይቅም ማለቱ ነው።) ልጅቷ እጇን አስለቅቃ ሄደች፣ ትንሽ ቆይቶ ቢራውን ይዞ የመጣው ወንዱ አስተናጋጅ ነው። ሰውዬው "ልጅቷን ጥራት እንጂ" ሲል ሱፐርቫይዘሯ ራሷ መጣች፣ ድምጿን ሳትጨምር "ጋሼ፣ እሷ ሌላ ስራ ላይ ናት፣ የሚያስፈልግዎትን እኔ ላምጣልዎት" አለችው፣ ባለቤቱን ጥሪ ብሎ ሲጮህም ባለቤቱ መጥቶ ሂሳቡን ዘግተው ቢወጡ እንደሚሻል በትህትና ነገረው። ወጡ። ባለቤቱ ያን ያህል ቢራ የሚያዝ ጠረጴዛ አስወጥቶ ሌሊቱን እንቅልፍ እንደተኛ አላውቅም። ሰውዬው የሚፈራ ባለስልጣን ቢሆን ኖሮ ያደርገው ነበር ወይ ብትሉኝም እጠራጠራለሁ፣ ልጆቹም ይጠራጠራሉ።

አልጋ ክፍሎቹ ላይም ህግ አላቸው። እንግዳ ክፍሉ ውስጥ እያለ ጽዳት አይገባም፣ እንግዳው ድንገት ውስጥ ቢገኝ እንኳ የጽዳት ጋሪው በሩ ላይ ይቆምና በሩ ክፍት ይሆናል። ምግብ ወደ ክፍል ሲታዘዝ ከመሸ ወንድ ነው የሚወስደው፣ ሴት ከሆነች ሁለት ሆነው ነው። ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ የምትወጣ ልጅ ሆቴሉ በወር የሚከፍለው ባጃጅ አለ እስከ ቤቷ ያደርሳታል። ዩኒፎርሙን ከአጭር ጉርድ ወደ ሱሪ ቀይረውታል፣ ይሄን ያስቀየሩት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፣ ተጎንብሰው ጠረጴዛ ሲጠርጉ ስልክ አውጥቶ የሚያነሳ ሰው ስለነበር።

ልብስ መቀየሪያ ክፍላቸው ግድግዳ ላይ ደግሞ አንድ ወረቀት ተለጥፏል፣ ፎቶ ተልኮልኝ አንብቤዋለሁ። እንደ ብዙ ቦታ "ትንኮሳ ክልክል ነው" ብሎ አይጨርስም፣ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁን (ቁጥር 1156/2011) በቀላል አማርኛ ጽፈውታል። እኔ ያኔ ባውቀው የምወደው ነገር እዛ አለ። ትንኮሳ ለመባል መነካት የግድ አይደለም፣ በቃል በምልክት በማንኛውም መንገድ ያለ ፈቃድሽ ለወሲብ ማግባባት በቂ ነው፣ ጉልበት ወይም የጉልበት ሙከራ ከታከለበት ደግሞ ወሲባዊ ጥቃት ይሆናል። ህጉ ሴት ብቻ አይልም፣ ወንድ አስተናጋጅም ይደርስበታል፣ ሲስቁበት ነው የምናየው እንጂ። ያደረገው አሰሪው ወይም ማናጀሩ ከሆነ አንቀጽ 32 ያለ ማስጠንቀቂያ ስራሽን ጥለሽ እንድትወጪ ይፈቅድልሻል። የስራ ባልደረባሽ ከሆነ ግን መጀመሪያ ለአሰሪው ማመልከት አለብሽ፣ አመልክተሽ በጊዜው እርምጃ ካልወሰደ ያኔ መውጣት ትችያለሽ። ይሄ መብት ደግሞ ቀን አለው፣ ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ከቆመበት በ15 የስራ ቀን ውስጥ ካልተጠቀምሽበት ያልፋል። ለዛ ነው ሱፐርቫይዘሯ ልጆቹን ሁሌ ጻፉት የምትላቸው፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን አጠገብሽ እንደነበረ፣ ቴሌግራም ላይ የላከልሽን ሳታጠፊ። ማመልከቻውንም በሁለት ኮፒ፣ አንዱ ላይ አስፈርመሽ የምትይዢው።

ማናጀር "ካልመጣሽ ሺፍትሽን" ምናምን እያለ በስልጣኑ ተጠቅሞ ከሴት ጋር ግንኙነት ከፈጸመ ደግሞ ነገሩ ከሆቴሉ አልፎ ወንጀል ነው፣ የወንጀል ህጉ አንቀጽ 625 ስር ይገባል፣ ግን አቤት ካላልሽ አይከሰስም። ፖሊስ ብቻ መሄድ ለምትፈሩ የኢትዮጵያ ሴት የህግ ባለሙያዎች ማህበር 7711 የሚባል መስመር አለው።

ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረ አንድ ነገር ልጨምር። አዋጁ ላይ ቆጥራችሁ ብታዩት አሰሪ አለ፣ የስራ መሪ አለ፣ ባልደረባ አለ፣ ደንበኛ ግን የለም። ሆቴል ውስጥ ደግሞ ልጅቷን ቀን በቀን የሚያስቸግራት ደንበኛው ነው እንጂ ማን ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2019 የወጣው የዓለም አቀፉ የስራ ድርጅት (ILO) ስምምነት ቁጥር 190 ሶስተኛ ወገን የሚያደርሰውንም ግምት ውስጥ አስገቡ ይላል፣ እኛ ጋ ግን አሁን ባለው ነገር ልጅቷን ከደንበኛ የሚያድናት ሆቴሉ ያወጣው የቤት ህግ ነው፣ የቤት ህግ ደግሞ ባለቤት ሲቀየር ወይ ገበያ ሲቀዘቅዝ አብሮ ሊቀየር ይችላል።

ጉድለቱን ልናገር ደግሞ። የጥቆማ ሳጥን አላቸው፣ የተሰቀለው የት መሰላችሁ፣ ካሸሯ አጠገብ፣ ካሜራው ስር፣ ከማናጀሩ ቢሮ ፊት ለፊት፣ ቁልፉም ማናጀሩ ጋ። እስኪ ስለ ማናጀሩ የምትጽፍ ልጅ እዛ ጋ ቆማ ወረቀት ስትከት አስቧት። አንድ ልጅ እየሳቀች "ውስጡ የከረሜላ ወረቀት ነው ያለው" ብላኛለች። ሴት ሱፐርቫይዘሯ ባትኖር ይሄ ሁሉ ነገር ወረቀት ላይ ይቀር ነበር፣ እሷ እረፍት በወጣች ሳምንት ጠረጴዛ መቀየሩም "ዛሬ ሰው የለም ቻሉት" እንደሚሆን ሰምቻለሁ።

የባሰው ግን ኩሽና ነው። እቃ አጣቢዎቹና ሽንኩርት ከታፊዎቹ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ልጆች ናቸው፣ ውል የላቸውም፣ የቲፑ ሳጥን አይደርሳቸውም፣ ወረቀቱ የተለጠፈበት ክፍልም አይገቡም ምክንያቱም ልብሳቸውን የሚቀይሩት ስቶር ውስጥ ነው። ሼፉ "እየቀለደ" ነው የሚባለው ቀልድ እዛ ነው የሚቀለደው። ውል አልተጻፈልንምና መብት የለንም ብለው ያስባሉ፣ ግን አዋጁ አሰሪው ውሉን ሳይጽፍ በመቅረቱ ሰራተኛዋ መብቷን አታጣም ነው የሚለው፣ ይሄን የሚነግራቸው ሰው ነው የጠፋው። ስለዚህ በስራ ቦታነቱ ለአስተናጋጅ ከ5 4 እሰጠዋለሁ፣ ለእቃ አጣቢ 2 ፣ እሱንም ለባጃጁ ብዬ ነው።

ባለቤቱ፣ ይሄን ካነበብክ፣ ሳጥኑን ንቀለውና ልጆቹ ብቻ የሚገቡበት ቦታ ስቀለው፣ ቁልፉን ከማናጀሩ ውጪ ልጆቹ ራሳቸው ለመረጡት ሰው ስጥ፣ ወረቀቱንም ኮፒ አድርገህ ስቶር ውስጥ ለጥፍ፣ ማንበብ ለማይችሉት ሱፐርቫይዘሯ ታንብብላቸው።

ስራ ለምትፈልጉ፣ ሰሞኑን አስተናጋጅ እየቀጠሩ ነው። ቃለ መጠይቁ ጠዋት ነው፣ ሎቢው ላይ፣ ሱፐርቫይዘሯ ባለችበት። ማታ ደውሎ "ክፍል ያዢና እናውራ" የሚል ካለ እነሱ አይደሉም፣ ቁጥሩን ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያዙት።