ክትባቱና የታዘዘው ምግብ፦ የካሊፎርኒያ ክሊኒክ ታክስ

በካሊፎርኒያ የእንስሳት ክሊኒክ ክትባቱም ሐኪም ያዘዘው ምግብም አንድ ደረሰኝ ላይ ይሰፍራሉ። ታክሳቸው ግን ለየቅል ነው።

ለውሻው የሚወጋው ክትባት ላይ ሐኪሙ ራሱ እንደ ተጠቃሚ ይቆጠራል። ታክሱን ሲገዛ ከፍሎ ጨርሷል፤ ደንበኛውን የሽያጭ ታክስ አይጠይቅም። ከሌላ ስቴት ያለ ታክስ ካስመጣውስ? ያኔ ዩዝ ታክስ የሚባለውን ራሱ አስታውቆ ይከፍላል። ሻጩ ስላልጠየቀው ብቻ ነፃ ወጣ ማለት አይደለም።

ኩላሊቷን ለታመመች ድመት የታዘዘው ምግብ ላይ ግን ሐኪሙ ነጋዴ ነው። ለዳግም ሽያጭ ብሎ ያለ ታክስ ይገዛል፤ ከደንበኛው ቢያንስ 7.25 በመቶ ይሰበስባል። ሐኪም ስላዘዘው መድኃኒት አይሆንም። ሻምፑና የቁንጫ ዱቄትም እዚሁ ናቸው። ቫይታሚንም ጭምር፤ ይሄ እንኳ ለእኔ ብዙም አይዋጥልኝም።

የምርመራው ክፍያ ላይ የሽያጭ ታክስ የለም።