ቨርጂኒያ አካባቢ የባህር አሳ ታንክ ለመጀመር ላሰባችሁ፦ ይሄን ልጅ ሳታማክሩ ምንም እንዳትገዙ

ሰላም ለሁላችሁም። ይሄን ምስጋና ለመጻፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ፣ የማታ ሺፍቱና ልጆቹ ሲደራረቡብኝ ዛሬ ነገ እያልኩ ነው የዘገየሁት። ሰሞኑን ደግሞ አንዷ ጓደኛዬ ደውላ "እናንተ ቤት ያለውን አይነት አኳሪየም ልገዛ ነው፣ ቅዳሜ ሄጄ አሳውንም ምኑንም አንዴ ጭኜው ልምጣ?" ስትለኝ ኧረ በማርያም ቆይ አልኳት። እሷን ያልኳትን ለሁላችሁም ልበላችሁ ብዬ ነው።

ምስጋናው ለአንድ ሐበሻ ወንድማችን ነው። ስሜን አትለጥፊው ስላለኝ አልጽፈውም፣ ስልኩን ግን ኢንቦክስ ላረገኝ ሰው እንድሰጥ ፈቅዶልኛል። አሌክሳንድሪያና አካባቢው እየዞረ አኳሪየም ይተክላል፣ ያጸዳል፣ ይጠግናል። እኔ ያገኘሁት የልጄ ጥርስ ሀኪም ጋ ነው፣ እጁን እስከ ክርኑ ታንክ ውስጥ ነክሮ ስልኩን ስፒከር ላይ አርጎ ከሆነ ሰው ጋር በአማርኛ ስለ እቁብ ይጨቃጨቃል። ጭቅጭቁን እስኪጨርስ ጠብቄ ነው ያናገርኩት። አሜሪካ ከመምጣቱ በፊት ጅዳ አሳ ሱቅ ውስጥ ሰርቷል፣ ኮራልን፣ ድንጋይ ላይ የሚያድገውን የባህር እንስሳ፣ ቀይ ባህር ውስጥ በአይኑ ያየ ሰው ነው።

ከሱ በፊት አንድ ሱቅ ሄጄ ነበር (የት እንደሆነ ተዉት) እና ሻጩ ታንክ ጨው አሸዋ አምስት አሳ አንድ አኔሞን (አበባ የሚመስል የባህር እንስሳ) ጠቅልሎ በአንድ ቀን ሊያሸክመኝ ነበር፣ ዋጋው ብዙ ስለሆነብኝ ብቻ ላስብበት ብዬ ወጣሁ። ሊስቱን ለዚህ ልጅ ሳሳየው ሳቀ። "እህቴ፣ ይሄን ብትገዢ አሳዎቹ ሳምንት አይቆዩልሽም፣ መጀመሪያ ቤትሽን ልይልሽ" አለኝ። መጣ፣ ለማየት ምንም አላስከፈለኝም፣ አሳ ምናምን ሳያነሳ በቀጥታ ወለሉን ነው ያየው። የባህር ውሃ አንድ ጋሎኑ 8.5 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል፣ የኔ ታንክ 40 ጋሎን ነው፣ ስለዚህ ውሃው ብቻ 340 ፓውንድ ነው ማለት ነው፣ መስታወቱ ድንጋዩ አሸዋውና ማስቀመጫው ሲጨመር 500 አካባቢ ይሄዳል። አፓርትመንት ላይ ያላችሁ ሊዛችሁን አንብቡ፣ ታንክ የማይፈቅድ ወይ በጋሎን የሚገድብ አለ፣ የሬንተርስ ኢንሹራንሳችሁም የፈሰሰ ውሃ ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁ። ከዛ የግድግዳውን ሶኬት አየና ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃ ወይ ወደ ሰው ሲያመልጥ ራሱን የሚያጠፋው አይነት፣ ጂኤፍሲአይ የሚሉት፣ ካልሆነ አልሰራም አለ። ገመዶቹንም ከሶኬቱ ዝቅ ብለው ተንጠልጥለው እንዲመለሱ ነው ያረጋቸው፣ በገመዱ ላይ የሚወርድ ውሃ እታች ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።

እኔ የፈለግኩት ትንሽዬ 10 ጋሎን ነበር፣ ለጀማሪ ትንሽ ይቀላል ብዬ። እሱ ደግሞ ተቃራኒው ነው አለ። ውሃ ሲተን ጨው አይተንም፣ ስለዚህ ትንሽ ታንክ ውስጥ ቶሎ ቶሎ ጨዋማነቱ ይወጣል፣ ሙቀቱም ወዲያው ይዋዥቃል፣ ትልቁ ግን ጊዜ ይሰጥሻል። ለተነነው የሚጨመረው ደግሞ ንጹህ ውሃ ነው፣ ጨው ያለው አይደለም፣ ይሄን በደንብ ያዙልኝ። አሁን ራሱ የሚሞላ መሳሪያ አስገብቶልኛል፣ ሴንሰሩ ውሃው ሲቀንስ ያውቅና ከባልዲው ይስባል። ሺፍት ለሚሰራ ሰው እንደዚህ የሚጠቅም እቃ የለም።

ውሃው ላይ ነው ብዙ ያስተማረኝ። እዚህ የቧንቧ ውሃው ክሎራሚን የሚባል ጀርም መግደያ አለበት፣ በስፕሪንግ ደግሞ ለተወሰኑ ሳምንታት ወደ ክሎሪን ይቀይሩታል፣ ያኔ ሽታው ራሱ ይለያል። ለኛ ለመጠጥ ችግር የለውም፣ ለኮራልና ለባክቴሪያ ግን መርዝ ነው፣ ክሎራሚን ደግሞ ባልዲ ላይ አሳድሬው ይወጣል የሚባል ነገር አይደለም። ስለዚህ አርኦዲአይ የሚባለውን ማጣሪያ ላውንድሪ ክፍል ገጠመልኝ፣ የሚወጣው ውሃ ቲዲኤስ መለኪያው ላይ (ውሃው ውስጥ የሟሟ ነገር የሚለካው) 0 ማንበብ አለበት፣ ከ0 ከፍ ማለት ሲጀምር የመጨረሻው ካርትሪጅ አልቋል ማለት ነው። ማጣሪያው ከሚጣራው ይልቅ ወደ ፍሳሽ የሚልከው ይበዛል፣ እማዬ ይሄ ሁሉ ውሃ በከንቱ ሲሄድ አላይም ብላ በባልዲ እየያዘች ወለል ታጥብበታለች።

ጨውን በተመለከተ እማዬ "የወጥ ጨው ምን ሆነና ነው በዶላር ጨው የሚገዛው" ብላ ነበር። ለአኳሪየም የሚሸጠው ጨው ካልሲየም ማግኒዚየም ሌላም ሌላም አለው፣ ኮራል አጥንቱን የሚሰራው ከሱ ነው። በአንድ ጋሎን ግማሽ ኩባያ ገደማ ይገባል፣ ግን ኩባያውን ሳይሆን የጨው መለኪያውን እመኑ፣ 35 ፒፒቲ (ከሺህ 35 እጅ ጨው) ወይም ከንጹህ ውሃ ክብደት ጋር ሲነጻጸር 1.026 መምጣት አለበት። መለኪያውን ራሱን የምታስተካክሉት 35 ፒፒቲ ተብሎ በሚሸጠው ፈሳሽ ነው፣ በንጹህ ውሃ ብቻ ካስተካከላችሁት 35 ላይ ሲደርስ ሊዋሻችሁ ይችላል።

ከዛ መጠበቅ መጣ። ድንጋይና አሸዋ ገብቶ ውሃው እየዞረ ምንም አሳ የሌለበት ታንክ ከወር በላይ ሳሎናችን ቆመ። ባለቤቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር "ይሄ ድንጋይ ማርቢያችን ነው" ይል ነበር። ልጁ እንዲህ ነው ያስረዳኝ፦ "ሊጥ ያለ እርሾ እንጀራ አይሆንም አይደል? ድንጋዩ ላይ እርሾ እያስያዝን ነው"። እርሾው ባክቴሪያ ነው። የአሳ ሽንትና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናል፣ አሞኒያ አሳ ይገላል፣ አንዱ ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት ይቀይረዋል፣ ሌላው ደግሞ ያንን ወደ ናይትሬት፣ እሱ ብዙም አይጎዳም፣ ውሃ ስትቀይሩ ይወጣል። በጠርሙስ የሚሸጥ ባክቴሪያ ጨምሮ አሞኒያ በጠብታ እየለካ አስገባ። 2 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 2 እጅ) የገባው አሞኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ዜሮ መውረድ እስኪችል አሳ የለም አለ። ልጆቼ አለቀሱ፣ እኔም ለመንኩት፣ ወይ ፍንክች። ከአሳ ሽያጭ የሚያገኘው ነገር ስለሌለ ይሆናል ብዬ ነበር፣ በኋላ ሳየው ግን አሳ ራሱ ያመጣል ይሸጣል፣ ሆን ብሎ ነው ያልሸጠልኝ።

ከዛ ቀጥሎ ታንኩ አስቀያሚ ይሆናል፣ አትደንግጡ። መጀመሪያ ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር አሸዋውንም መስታወቱንም ይሸፍነዋል፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ጸጉር የመሰለ አልጌ ይመጣል። እኔ ፎቶ እያነሳሁ በሌሊት እልክለት ነበር፣ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፣ "ኖርማል ነው፣ ኬሚካል እንዳትጨምሪ"። ቀንድ አውጣዎች አመጣልኝ፣ መስታወትና ድንጋይ የሚልሱ አሉ፣ አሸዋ ውስጥ ተቀብረው ምግብ ሲሸታቸው ብቅ የሚሉም አሉ፣ ልጆቼ ከአሳው በላይ የሚወዱት እነሱን ነው።

የመጀመሪያ አሳዎቻችን ሁለት ክላውንፊሽ ናቸው፣ ብርቱካናማና ነጭ፣ ከባህር የተያዙ ሳይሆኑ እርባታ ውስጥ የተፈለፈሉ፣ እንደዛ ያሉት ደረቅ ምግብም ይለምዳሉ በሽታም አይበዛባቸውም። ሁሉም መጀመሪያ ወንድ ሆነው ነው የሚያድጉት፣ ከዛ ትልቁና ጉልበተኛው ሴት ይሆናል። ይሄን ለእማዬ ስነግራት አማተበች። እማዬ በልጅነቷ ምፅዋ ኖራለች፣ አባቷ ወደብ ላይ ይሰሩ ስለነበር፣ እና ከዚህ ልጅ ጋር ስለ ቀይ ባህር ሲያወሩ ስራው ሁሉ ይቆማል። ሐምራዊ ሆኖ ጅራቱ ቢጫ የሆነውን ታንግ፣ የዛ ባህር አሳ የሆነውን፣ ይምጣልኝ ብላ ነበር። በሰዓት ስንት የሚዋኝ አሳ ነው እማማ፣ የናንተ ታንክ 3 ጫማ ነው፣ ለሱ እስር ቤት ይሆንበታል ብሎ እሷንም እምቢ አላት። እናት እምቢ የሚል ሰው ታማኝ ነው።

አዲስ አሳ ሁሉ ለብቻው ሌላ ታንክ ውስጥ ቆይቶ ነው የሚገባው። ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣው የባህር ኢች አንዴ ከገባ ዋናው ታንክ ውስጥ መድኃኒቱን መጨመር አይቻልም፣ መድኃኒቱ መዳብ ነው፣ መዳብ ደግሞ ኮራሉንም ሽሪምፑንም ቀንድ አውጣውንም ይጨርሳል። እኔ ነርስ ስለሆንኩ አይሶሌሽን ሲለኝ ወዲያው ገባኝ፣ እሱም ደስ አለው።

ኮራል ላይ በለስላሳዎቹ ነው የጀመርነው፣ መሽሩም፣ ሌዘር፣ ዞዋንቲድ። እዚህ ጋ እባካችሁ አንብቡኝ። ዞዋንቲድና ፓሊቶዋ የሚባሉት ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ ሊኖራቸው ይችላል። ያለ ጓንት አትንኩ፣ ሲቆረጡ የአይን መከላከያ ያስፈልጋል፣ እና እነሱ ያሉበትን ድንጋይ በምንም ተአምር እንዳትቀቅሉ። እኛ ሐበሾች ማጽዳት ሲባል የፈላ ውሃና በረኪና ነው የሚቀናን፣ የዚህ ድንጋይ እንፋሎት ግን ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል አስገብቶ ያውቃል። ይሄን ያ ሱቅ አልነገረኝም፣ ይሄ ልጅ ግን ኮራሉን ከማምጣቱ በፊት ልጆቼን አስቀምጦ ነው የነገራቸው።

ሌላ ሐበሻ ቤት ብቻ የሚመጣ ጉዳይ፣ እጣን። ስኪመር የሚባለው ማሽን የክፍሉን አየር ስቦ አረፋ እያረገ ነው ቆሻሻውን የሚያወጣው፣ ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ያለ ጭስም የመስታወት ማጽጃ ስፕሬይም ተስቦ ውሃው ውስጥ ይገባል። ረከቦታችን ቦታ ቀየረ፣ ቡናው አሁን ኪችን በኩል ነው።

የውሃውን ነገር በደብተር ነው የምይዘው፣ አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድ የሚቋቋምበት አቅም) ከ8 እስከ 9 ዲኬኤች በሚሉት መለኪያ፣ ካልሲየም 420 ፒፒኤም አካባቢ፣ ሙቀት 78 ፋራናይት። ቁጥር አታሳድጂ፣ ካለበት አታንቀሳቅሺው ይላል፣ ኮራል የሚጎዳው በድንገት ሲቀየርበት ነው። ናይትሬትም ሙሉ ለሙሉ ዜሮ እንዲሆን አይፈልግም፣ ኮራሉም ትንሽ ይበላል።

በጣም ያመሰገንኩት ግን ክረምት ላይ በረዶው መብራት ሲያጠፋብን ነው። ሌሊት ነው፣ ፓምፑ ቆሟል፣ ቤቱ እየቀዘቀዘ ነው፣ ደወልኩ፣ አነሳ። "ሙቀቱን ተይው መጀመሪያ፣ የአየር እጥረት ነው የሚገላቸው" አለኝ። በባትሪ የሚሰራ የአየር ፓምፕ ከታች ካቢኔው ውስጥ አስቀምጦልኝ ነበር፣ እሱን አበራን፣ ከዛ ታንኩን በእማዬ ጋቢና በብርድ ልብስ ጠቀለልነው፣ እስከ ጠዋት በስልክ ሙቀቱን እየጠየቀኝ ነበር። አንድም አልሞተም። ለዛ ሌሊት ስንት ላስብልሽ ሲለኝ እጠብቅ ነበር፣ ምንም።

እንከኑንም ልንገራችሁ፣ ሰዓት አያከብርም። 4 ሰዓት ካለ 6 ሰዓት በሉት። ወሬም ይወዳል፣ ቡና ካፈላችሁለት አይሄድም። ርካሽም አይደለም፣ ለመትከሉ ዋጋ አለው፣ ለወርሃዊ ጉብኝቱም አለው፣ እቃውን ግን ራሳችሁ ያገለገለ እንድትገዙ ያግዛችኋል፣ የኔን መብራትና ታንክ ከሚለቅ ሰው ነው ያገኘልኝ። ሂተርን ብቻ አዲስ ግዙ ይላል፣ ያረጀ ሂተር በርቶ ይቀርና ታንኩን ያበስለዋል።

ባለፈው መጥቶ ደብተሬን ገልጦ አየና "ከዚህ በኋላ በየወሩ አትክፈይኝ፣ ትችያለሽ፣ ሲቸግርሽ ደውዪ" ብሎኝ ሄደ። ገቢውን በራሱ የሚያቋርጥ ሰው ስንቱን አይታችኋል?

የምትፈልጉት ኢንቦክስ አርጉኝ። ስትደውሉለት ታንክ ገዝታችሁ ሳይሆን ከመግዛታችሁ በፊት ይሁን፣ ያለቀ ነገር ማስተካከል አይወድም። እሁድ ጠዋት ቤተክርስቲያን ስለሆነ አያነሳም፣ ቴክስት ጻፉለት፣ ከሰዓት ይመልሳል።