የባልዲው ወይስ የዱቄቱ? የጂፕሰም ቦርድ አጨራረስ በጋልቬስተን

ጋልቬስተን፣ ቴክሳስ፣ ባሕር ላይ ያለች ደሴት ናት። ሰመር ላይ እርጥበቱ አይጣል ነው። የጂፕሰም ቦርድ መጋጠሚያ ለመሙላት ሁለት ምርጫ አለ፦ ተበጥብጦ በባልዲ የሚሸጠው ስቱኮና በከረጢት የሚመጣው ዱቄት።

የባልዲው የሚደርቀው ውኃው ሲተን ነው። አንዱ እጅ በተለምዶ 24 ሰዓት ይፈልጋል፤ እርጥብ አየር ላይ ደግሞ ከዚያም ይጎተታል። ላዩ ነጥቶ ውስጡ ሳይደርቅ ሌላ እጅ ከደረባችሁበት፣ ቆይቶ ይሰረጉድና መጋጠሚያው ከቀለሙ ሥር ያስታውቃል። ጥሩነቱ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲነካ ወዲያው ይለሰልሳል።

ዱቄቱ ግን ከውኃ ጋር ተዋህዶ ነው የሚጠነክረው፤ አየሩን አይጠብቅም። ከረጢቱ ላይ 20፣ 45 ወይም 90 የሚለው በግምት የሚጠነክርበት ደቂቃ ነው። ሱቁን ቶሎ መክፈት ለሚፈልግ ነጋዴ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ጣጣው? እጃችሁ ከዘገየ እዚያው መበጥበጫው ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። መፈግፈጉም ክንድ ያዝላል።

እኔ ብሆን የመጀመሪያውን እጅ በዱቄቱ፣ የመጨረሻውን በባልዲው አሠራ ነበር። ወደ ባሕሩ የሚያይ ትልቅ መስኮት ካላችሁ ደግሞ ግድግዳው ሙሉውን በስቱኮ በስሱ ይለበጥ። ከጎን የሚገባ ብርሃን ትንሿንም ጉድፍ ያወጣታል።